አህያ ያልሁት ፈረስ

ፈረንጇ ከሁላችን በፊት ተነሥታ፣ ጫማዋን አጥብቃ፣ የሆቴሉ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ጫማው እስከ ጉልበት የሚደርስ ቡትስ ነው። «ለፈረስ ነው» አለችኝ። ልትጋልብ አይደለም፤ ልታይ ነው የምትሄደው። ለማየት እስከ ጉልበት የሚደርስ ጫማ ምን ያደርጋል? ዓይኗ ጉልበቷ ላይ ነው እንዴ?

ያኔ ሐይቁ ዳር ካለ አንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነበርሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ውጤት ሳላመጣ ቀርቼ፣ እንግሊዝኛዬን ብቻ ይዤ የተረፍሁ ልጅ ነኝ። ሥራዬ ቁልፍ መስጠትና ቁልፍ መቀበል ነው። በመሀሉ ቁጭ ብሎ ውሃ ማየት አለ። ውሃ ማየት ለሚወድ ጥሩ ሥራ ነው፤ ጣና አያልቅም። እኔ ግን ቁጭ ማለት አይሆንልኝም። እናቴ «አንችን እሾህ ላይ ነው የወለድሁሽ» ትለኛለች። ስለዚህ ፈረንጇ «ገጠር ውስጥ የፈረስ ውድድር አለ ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ አፏን ሳትዘጋ «እኔ እወስድሻለሁ» አልሁ። ለእሷ አስቤ አይደለም። ከዚያ ወንበር የሚያስነሣኝ ከሆነ ለቀብርም ቢሆን እሄድ ነበር።

በጎ ፈቃደኛ ናት። ለስድስት ወር መጥታ ልጆችን እንግሊዝኛና ስፖርት ታስተምራለች። «በጎ ፈቃደኛ» የሚሉት ነገር እስካሁን አይገባኝም። እኔ ታናናሾቼን ሳዝል፣ ልብሳቸውን ሳጥብ፣ ማን ፈቃዴን ጠየቀኝ? እኛ ቤት በጎነት ሳይጠየቅ የሚወሰድ ነገር ነው። የእሷ ግን ፈቃድ አለው፤ አገሯ ስትገባ ደግሞ የምስክር ወረቀት አለው። ዕድሜዋ ከእኔ በአንድ ዓመት ቢበልጥ ነው። አማርኛ እየተማረች ስለነበር «በጣም» የምትለዋን ቃል እንደ ሚጥሚጣ ሁሉም ላይ ትነሰንሳታለች። ዓሣው በጣም ነው፤ ሐይቁ በጣም ነው፤ እኔም በጣም ነኝ።

የወሰደን የአጎቴ ልጅ ነው፣ በባጃጁ። ወሩ ጥር ነው፣ የአስተርዮ ማርያም ማግሥት። ያኔ መንገዱ ሰላም ነበር፤ መሸንቲ ደርሶ ለመመለስ ሰው ሰውን አያማክርም። ከተማውን ወጣ እንዳልን የአጎቴ ልጅ በመስታወቱ እያየኝ «ዛሬ የመጨረሻው ነው» አለኝ።

«የምኑ?»

«የፈረሱ ነዋ። የአባባ ፈረስ። አልነገሩሽም?»

አልነገሩኝም ነበር። አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ቤታቸው ከመሸንቲ እልፍ ብሎ ነው። አንድ ዳማ ፈረስ አላቸው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ቦቃ። እኔ ልጅ ሳለሁ ውርንጭላ ነበር፤ ክረምት ክረምት እዚያ ስሄድ ሣር ያበላሁት እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት ጉግስ ላይ፣ ማለት ፈረሰኞች በዘንግ እየተባረሩ በሚጫወቱበት፣ አጎቴ ከነፈረሳቸው ወድቀው ትከሻቸው ወለቀ። ከዚያ ወዲህ ልጆቻቸው ፈረሱን በክፉ ዓይን ያዩት ጀመር።

«ሥራ የለውም እኮ» አለ የአጎቴ ልጅ። «ይበላል፣ ይቆማል። ይበላል፣ ይቆማል። አባባ አርጅተዋል፤ ሁለተኛ ቢወድቁ ማን ያነሣቸዋል? ከመሸንቲ ባለጋሪ አግኝቻለሁ። ዛሬ ሜዳው ድረስ ይመጣል።»

«እሳቸው ምን አሉ?»

«‹አንድ ጊዜ ይሩጥ። ከኋላ ከቀረ ውሰዱት። ካልቀረ ግን ሁለተኛ የጋሪ ስም እንዳታነሡብኝ› አሉ። እኔም እሺ አልሁ። ቃል ቃል ነው።»

ፈረንጇ «ምን እያለ ነው? ምን እያለ ነው?» እያለች ክርኔን ትጎትታለች። ነገርኋት። ዓይኗ እንባ ሞላ። «ጋሪ? ይኼ እኮ ጭካኔ ነው!» አለች። ባለፈው ሳምንት ገበያ በጋሪ ሄዳ፣ ባለጋሪውን አቅፋ ፎቶ ተነሥታለች። ያን የጎተተው በሬ መስሏት ይሆናል።

ሜዳው ሰው በሰው ሆኗል። ከየገጠሩ የመጣው ፈረስ በቀይና በቢጫ ክር ተሸላልሞ፣ ከባለቤቱ የተሻለ ለብሶ ቆሟል። ፈረንጇ ወርዳ ግራ ቀኙን አየችና «መስመሩ የት ነው?» አለችኝ።

«የምን መስመር?»

«የሚጀምሩበት። የሚጨርሱበትስ?»

«የሚጀምሩበት ፈረሶቹ የቆሙበት ነው። የሚጨርሱበት ያ ግራር ነው።»

«ማን ይመዘግባል?»

«ማንም። ሁሉም ሰው ያያል።»

«ሽልማቱስ?»

«ሲወራ መክረሙ።»

ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ ጻፈች። ምን ብላ እንደጻፈች እግዜር ይወቅ።

አጎቴን ከሜዳው ዳር፣ ከሰው ራቅ ብለው አገኘናቸው። ፈረሱን ከሰው ደብቀው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ኮርቻ እየጫኑ ነው። ሌላው ፈረሱን አሸብርቆ ሲያዞር፣ የእሳቸው ፈረስ አንዲት ክር የለበትም። ከኮርቻው ሥር ያነጠፉት ግላስ እንኳን የተቀደደ ነው። ፈረሱ ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ ያን ቀን እንደ ታሸ ቆዳ ያበራ ነበር። እኔ አየት አድርጌ ዓይኔን መለስሁ። እንዲህ ነው ያደግሁት።

ምክንያቱም በእኛ አገር የሰውን ከብት ፊት ለፊት አያመሰግኑም። ሕፃን ሲያዩ እንኳን «ስታስጠላ!» ይባላል፣ እናቲቱም ደስ ይላታል። «ሲያምር» ያለ ሰው ቶሎ ብሎ እትፍ እትፍ ካላለበት የሰው ዓይን ነው፤ ልጁም ከብቱም ደርቆ ያድራል። እኔ በዚህ አላምንም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ባዮሎጂ ተምሬ በዓይን የሞተ ፈረስ አላነበብሁም። አጎቴ ግን ባዮሎጂ አልተማሩም።

ፈረንጇ እንዳየችው እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ በእንግሊዝኛ የወንዝ ሙላት ወረደ። እንዲህ ያለ አንገት አይታ አታውቅም። እግሩ! ጆሮው! ከሜዳው ሁሉ ይኼ ይበልጣል፤ ይኼ ያሸንፋል። በአያቷ ጋጣ ውስጥ ከፈረስ ጋር አድጋለች፤ ታውቃለች። አንገቱን ትደባብሳለች፣ ጥርሱን ገልጣ ታያለች።

አጎቴ ልጓሙን ይዘው ወደ እኔ ዞሩ። «ምን አለች?»

ምን ልበል? የማላምንበት ነገር ቢሆንም ሰውየው ያምኑበታል፤ ዛሬ ደግሞ ቀናቸው ነው። እኔም ተረጎምሁ።

«‹ይኼ ፈረስ ነው አህያ? ይኼን ከሲታ ምን ብላችሁ አመጣችሁት?› ትላለች።»

የአጎቴ ፊት እንደ ፋሲካ ማለዳ በራ። «አሜን! አሜን! ከየት አገር ናት ይህች ጨዋ ልጅ? እናት አባቷ አስተምረዋታል። ተባረኪ በያት። የወለደ አንጀት አላት በያት።»

«አመሰግናለሁ ብለዋል» አልኋት። እዚህ ላይ ቢያበቃ ሁላችንም ደስ ብሎን በዋልን ነበር።

ግን ሴትዮዋ የልጆች አስተማሪ ናት። ለልጆች የምታስተምረው ምንድን ነው? ላም፣ በግ፣ ውሻ፣ አህያ። ከዚያ ሁሉ አማርኛ አንዲቱን ቃል ለቅማ ያዘች።

«አህያ?» አለችኝ። «አህያ ነው ያልሽው? እኔ አህያ አላልኩም!»

«ተይው። በኋላ እነግርሻለሁ።»

«በስሜ ዋሽተሻል!»

«ለጥሩ ነው። ዝም በይ፣ እለምንሻለሁ።»

ዝም አትልም። በጎ ፈቃደኛ ዝም ማለት አልተማረም። ወደ አጎቴ ዞራ፣ ደረቷን እየመታች፣ አገር በሚሰማው ድምፅ «እኔ አህያ የለም! ፈረስ! በጣም ቆንጆ ፈረስ! በጣም ጎበዝ! አንደኛ! ሁሉም አንደኛ!» አለች። ትንሽ ሲቆይ የረሳችው ትዝ ብሏት «በጣም!» ጨመረችበት።

ጀርባውን ሰጥቶ የነበረው ሰው ሁሉ ዞረ። አጎቴ የደበቁትን ፈረስ አገሩ በሙሉ አየው። አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ውይ! እትፍ በይ በያት! ቶሎ እትፍ ትበልበት!» ብላ ጮኸችብኝ።

«ትፊበት» አልኋት ፈረንጇን።

«ምን?»

«ፈረሱ ላይ ትፊ። ትንሽ ይበቃል።»

«አልተፋም! እንስሳ ላይ መትፋት ንቀት ነው።»

«በእኛ ዘንድ ምርቃት ነው። ሽማግሌ ሲመርቅ ይተፋል።»

«ለእኔ ምርቃት አይደለም» አለች። ቀጥላም ያስታረቀች መስሏት፣ የፈረሱን ራስ በሁለት እጇ ይዛ አፍንጫውን ሳመችው።

ያን የመሰለ ሳቅ ሜዳው ሰምቶ አያውቅም። «ፈረሱ ተዳረ!» አለ አንዱ። «ምራት መጣችልዎ፣ አያ!» አለ ሌላው። «እልል በሉ እንጂ! ምን ትጠብቃላችሁ?» ሴቶቹ የምር እልል አሉ። ፈረንጇ የተጨበጨበላት መስሏት እጇን አውለበለበች። አጎቴ ብቻ አልሳቁም። ፊታቸው አመድ መስሏል። ኮርቻውን እንደ ገና ነካ ነካ አድርገው፣ ማንንም ሳያዩ ወጡበትና ወደ መነሻው ሄዱ። የአጎቴ ልጅ ከጎኔ ቆሞ «በእውነት አንች ነሽ ሰው የምታመጪው» አለኝ። ከእሱ ኋላ ባለጋሪው ቆሟል። ወፍራም፣ ዝምተኛ፣ ፈረሱን ከአሁኑ የእሱ እንደሆነ አድርጎ የሚያይ ሰው።

ጉግሱ አልቆ ወደ ሽምጡ፣ ወደ ሩጫው፣ ተገባ። ወደ አሥራ ሁለት ፈረስ ተሰለፈ። አንድ ሽማግሌ ነጠላቸውን ከፍ አድርገው ይዘው ሲለቁት መሬቱ ተንቀጠቀጠ።

የአጎቴ ዳማ ከሰልፉ እንደ ጥይት ወጣ። አላጋነንሁም። ሌሎቹ ገና እየተጋፉ፣ እሱ ሁለት ፈረስ የሚያስገባ ርቀት ቀድሟል። ከዚያ ሕዝቡ «ኧረ ዳማው! ኧረ ዳማውን እዩት! የሽማግሌውን እዩት!» ብሎ ጮኸ። ያ ጩኸት ነው ያጠፋን። ጩኸቱ ሜዳውን እንዳቋረጠ ፈረሱ አንገቱን ሰበረ። አገጩ ደረቱን ነካ። አንዱ ቀደመው፣ ሦስት ቀደሙት፣ ሁሉም ቀደሙት። ግራሩ ጋ የደረሰው የሁሉም አቧራ ከወረደ በኋላ ነው።

ፈረንጇ ክንዴን ጥፍሯ እስኪገባ ይዛኛለች። «ይዞታል!» አለች። «አየሽ? እጁን አየሽ? ልጓሙን እየጎተተ ነው! ፈረሱ አልደከመም፤ እሱ ነው የያዘው! ለምንድን ነው የሚይዘው?»

እኔም አይቻለሁ። ግን እሷ ቀድማ አየች፤ ይኼን አልክድም። ስለ ሰው ምንም አታውቅም፤ ስለ ፈረስ ታውቃለች።

አጎቴ ቀስ ብለው እየነዱ መጡ፤ ወረዱ። ማንም ሳይጠይቃቸው ልጓሙን ራሳቸው ለባለጋሪው ዘረጉለት። «ከኋላ ቀርቷል። ውሰደው።»

ተጠግቼ በቀስታ «አያ፣ ምን አደረጉ? ይዘውት ነበር እኮ» አልኋቸው።

«ዝም በይ።»

«ለምን? ይበልጥ ነበር!»

ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ። «ስለሚበልጥ ነዋ። አገር ሁሉ ዓይኑን ጥሎበት ቤቴ ቢገባ እስከ እሑድ አይደርስም። ጋሪ የሚጎትት ፈረስ ማን ዓይን ይጥልበታል? ይጎትት። በሕይወት ይኖራል።»

በሕይወቴ እንደዚያ የተናደድሁበት ቀን የለም። ሞት ፈርቶ ራሱ ቀብር የሚገባ ሕዝብ ነን። ያለንን መልካም ነገር አጣጥፈን፣ አቆሽሸን፣ ደብቀን እናስቀምጥና፣ ሲበሰብስ «ተመስገን፣ የሰው ዓይን አላገኘውም» እንላለን። እኔም ብሆን ትምህርት ቤት ሳለሁ አንደኛ ስወጣ እናቴ ለጎረቤት «ወድቃለች» ትል ነበር። ኋላ በእርግጥ ስወድቅ ያመናት የለም።

ፈረንጇ ደግሞ አልቆመችም። «ንገሪያቸው!» ትላለች። «ያየሁትን ንገሪያቸው! ይኼ ከሜዳው ሁሉ የሚፈጥነው ፈረስ ነው። ሰውየው ይዞት ነው። አንድም ቃል ሳትቀይሪ ንገሪያቸው!»

አጎቴ አዩኝ። ዝም በይ ብለውኛል፤ ምስጢራቸውን ነግረውኛል። ባለጋሪው ልጓሙን እየጠቀለለ ነው። ሰዉ ከቦን ቆሟል።

አንድም ቃል ሳልቀይር ነገርሁ። ጮክ ብዬ ነገርሁ። «‹ይኼ ከሜዳው ሁሉ የሚፈጥነው ፈረስ ነው። ይዘውት ነው የቀረው› ትላለች። እውነቷን ነው። እኔም አይቻለሁ።»

አጎቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ባለጋሪው «እንግዲህ ፈረንጅ ፈረስ ልታስተምረን ነው?» አለ። «የቀረ ቀርቷል።»

የአጎቴ ልጅ ግን እኔን ነው የሚያየው። «አብደዋል? ለምን ይይዙታል?»

«ዓይን ፈርተው» አልሁ።

ይስቃል ብዬ ነበር። ይኼ ልጅ እኮ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ የሚውል፣ ገጠሩን ሁሉ «ፋራ» እያለ የሚጠራ ነው። አልሳቀም። ፈረሱን አየ፤ ደግሞ ሜዳው ዳር የቆመውን ባጃጁን አየ። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ባጃጁን አዲስ የገዛ ዕለት፣ ከመሸጫው እንዳወጣው፣ ሐይቁ ዳር ወስዶ ጭቃ የቀባው እሱ ነው። ለጎረቤት ሁሉ «የሰው ነው፤ ተቀጥሬ ነው» ብሎ አንድ ዓመት ሙሉ ኖሯል።

«አባባ፣ እውነት ነው?» አለ።

አጎቴ የፈረሱን ከንፈር ገልጠው፣ ልጓሙ የቀደደውን በጋቢያቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ። ነጩ ጋቢ ቀይ ሆነ። ከዚህ የበለጠ መልስ አያስፈልግም ነበር።

የአጎቴ ልጅ ልጓሙን ከባለጋሪው እጅ ወሰደ። «ወንድሜ፣ ሂድ።»

«ቃል ነበረን እኮ!»

«ቃሉ ከኋላ ከቀረ ነው። አልቀረም፤ አስቀሩት።»

ባለጋሪው ሊከራከር አፉን ከፈተ። ከዚያ ፈረሱን አየ፤ ከቦ የቆመውን ሰው አየ፤ ስንት ዓይን እንዳለ የሚቆጥር ይመስላል። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «ለነገሩ እኔም አልፈልገውም» አለ። «ይኼ ሁሉ ዓይን ያረፈበት ፈረስ እኔ ጋ ሳምንት አይቆይም።» ዞሮ ሄደ። እሱም! ያ ሁሉ ውፍረት፣ እሱም!

አጎቴ ፈረሱን ይዘው ወደ ቤታቸው መንገድ ገቡ። በአጠገቤ ሲያልፉ «አንች ነሽ የጨረስሽኝ» አሉኝ እንጂ ቀና ብለው አላዩኝም። «ፈረንጇስ አታውቅም። አንች ግን እያወቅሽ ነው።»

ስንመለስ ፈረንጇ ባጃጁ ውስጥ ስትዘፍን መጣች። እሷ ተናግራ ፈረስ አድናለች፤ ሐሰት ሳይሆን እውነት ያሸንፋል፤ ይኼን ለተማሪዎቿ ታስተምራለች። «አጎትሽ ደስ አላቸው?» አለችኝ። በጣም አልኋት። በሳምንቱ ከፈረሱ ጋር የተነሣችውን ፎቶ በስልኳ አሳየችኝ፤ ኢንተርኔት ላይ ለጥፋው ሰው ሁሉ የልብ ምልክት ሰጥቷታል። እኔ ፎቶው ላይ አለሁ፤ ከክርኔ በታች ብቻ።

አጎቴ እስከ ፋሲካ አላናገሩኝም። ለእናቴ ግን እየደወሉ ይከሱኛል። ፈረሱ አንድ ቀን ሣር ከተወ እኔ ነኝ። ካነከሰ እኔ ነኝ። ባለፈው ደግሞ እናቴ ስልኩን ዘግታ መጣችና፣ በዚያ የቀብር ፊቷ «ያስለዋል አሉ» አለችኝ። «‹የእህቴ ልጅ ባታስጮህበት ኖሮ አያስለውም ነበር› እያሉ ነው።»

ያስለው። ቤቱ ሆኖ ያስለው።